የጎመን በርሜሉ ውሃ

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ዶብሪ ቶንቾ መኖ መደብር ሄዶ ይመዘናል። ከቤቱ እስከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ እሱ ግን ሦስት ጊዜ ይቆማል። አንዴ የፖስታ ቤቱን አጥር ይይዛል። አንዴ የጎረቤት የማገዶ ክምር ላይ ይደገፋል። ሦስተኛው መቆሚያ ምንም የሚያዝ ነገር የሌለበት መሐል መንገድ ነው፤ እዚያ ከዘራው ላይ ተደግፎ ግራ ጉልበቱ እስኪበርድለት ይጠብቃል።

ሚዛኑ ጆንያ የሚመዘንበት ነው፤ ሰፊ የብረት ወለል አለው። በመስከረም፣ ክብደት እንዲቀንስ ጨጓራውን በቀዶ ሕክምና ከመቆረጡ በፊት፣ ዶብሪ መቶ አርባ ስድስት ኪሎ ነበር። የቤቱ ሚዛን መቶ ሠላሳ ላይ ስለሚያበቃ እዚህ ጀመረ። አሁን ቢቀንስም ሚዛን መለወጥ አልፈለገም። ሁለት ሚዛን ሁለት ቁጥር ይናገራል፤ እሱ የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው። መቶ አሥራ አምስት።

ይህን ቁጥር የሰጠው የጉልበት ሐኪሙ ነበር። «ጥር ሃያ ቀን መቶ አሥራ አምስት ሆነው ይምጡ፤ ጉልበቱን እቀይርልዎታለሁ» አለው። «ከዚያ በላይ ከሆኑ ግን ቢላዋ አላነሳም።» ሐኪሙ በጸደይ ጠቅልሎ ወደ ጀርመን ሊሄድ ነው። በእሱ ቦታ ማን እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ጥር ካመለጠ ዶብሪ እንደገና ከወረፋው ጭራ ይቆማል።

ዶብሪ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። በትራክተር ጥገና ቤት ሠላሳ ዓመት በያጅ ነበር፤ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኮ። ከመንደሩ በላይ ዳገቱ ላይ ወይን አለው። በእግሩ ወጥቶ ካየው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ለሰው አይናገርም እንጂ ጨጓራውን ያስቆረጠው ለሌላ ነገር አልነበረም።

«ውጣ፣ ጋሽ ዶብሪ» አለ ቶንቾ። «አጃው ይጠብቃል፤ አንተ ቅደም።»

ቶንቾ አርባ ዓመት ያለፈው ቀጭን ሰው ነው። አፉ አያርፍም። የሳምንቱን ኪሎ በጠመኔ በሩ ጀርባ ላይ የሚጽፈው እሱ ነው። ባለፈው ሰኞ መቶ አሥራ ሰባት ብሎ ጽፏል።

ዶብሪ ጫማውን አውልቆ ወጣ። ቶንቾ ጠቋሚውን ገፋ፣ መለሰ፣ እንደገና ገፋ።

«ትንፋሽህን ይዘሃል እንዴ?»

«ትንፋሽ ምን ይመዝናል? አንብብ!»

«መቶ አሥራ ዘጠኝ።»

የዶሮ መኖ ሊገዙ የቆሙት ሁለት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ።

«ደግመህ አንብብ» አለ ዶብሪ።

«ደገምኩት እኮ። ምን ላድርግህ? ቆርጠው የጣሉልህ ነገር ተመልሶ መጥቷል መሰለኝ። አድራሻህን ማን ነገረው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ዶብሪም ለወጉ ፈገግ አለ። ጫማውን ሲያደርግ ግን ጠበበው፤ ሦስት ጊዜ ረግጦ ነው ያስገባው።

ወደ ቤት ሲመለስ አራት ጊዜ ቆመ።

ሳምንቱን የበላውን በልቡ ቆጠረ። የበላው ነገር የለም። ጠዋት ሁለት ማንኪያ አጃ በውሃ። ቀን የተፈጨ ባቄላ፣ አምስት ማንኪያ፤ ከዚያም ሁለቱ ተመልሶ ወጥቷል። ማታ የድንች ሾርባ። ይህን እየበላ ሁለት ኪሎ የጨመረ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ወተትም እንቁላልም ሥጋም አልነካም። የገና ጾም ነበር።

ዶብሪ በዕድሜው ጾሞ አያውቅም። ሚስቱ ስላቭካ ስትጾም እሱ ጎኗ ተቀምጦ ቋሊማ ይበላ ነበር። እሷም አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግራው አታውቅም። በመስከረም ግን፣ በጀርባው አስተኝተው ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲገፉት፣ ጣራው ላይ መብራቶቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ፣ ፍርሃት ያዘው። ከነቃሁ የገናን ጾም አርባውንም ቀን እጾማለሁ ብሎ ተሳለ። ነቃ። ጾሙ ሲገባ ለስላቭካ ነገራት። ስላቭካ ማማሰያዋን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«የቆረጠችህ ሐኪም ትፈቅዳለች?» አለችው።

«ሐኪሟ ስለ ጨጓራ ነው የምታውቀው።»

ሆስፒታል የሰጡት የወተት ዱቄት፣ ትልቁ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መደርደሪያ ላይ ቀረ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ሳያስቸግረው የሚወርድ። የጎመኑ ውሃ።

እንደ ሁሉም ቤት እነሱም በጥቅምት መጨረሻ ጎመናቸውን እንዲኮመጥጥ በርሜል ውስጥ ጥለዋል። ሠላሳ ራስ ጥቅል ጎመን፣ ውሃና ጨው፣ አንድ እፍኝ በቆሎ፣ ከላይ ድንጋይ። በርሜሉ ምድር ቤት ነው ያለው። በየሁለት ቀኑ ውሃው ከታች ካለው ቧንቧ በባልዲ ይቀዳና ከላይ ተመልሶ ይፈስሳል። ይህ ካልተደረገ ጨዉ ከታች ይተኛል፣ ጎመኑም ከላይ ይላሽቃል። ሥራው በዚያ አገር የባል ሥራ ነው። ዶብሪ አሥራ አንዱን ደረጃ ወደ ጎን እየወረደ፣ እጁን ግድግዳ ላይ አድርጎ፣ አንድም ቀን አላስታጎለም። ሲቀዳ ይቀምሳል። መቅመስ አለበት፤ ጎመኑ የደረሰ መሆኑ የሚታወቀው በምላስ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የቀመሰው ነገር ሁሉ ደረቱ ላይ ይቆም ነበር። የቀረለት ጨጓራ ሙዝ አያክልም። የበርሜሉ ውሃ ግን ቀዝቀዝ ኮምጠጥ ብሎ ጸጥ ብሎ ወረደ። በማግሥቱ አንድ ኩባያ ይዞ ወረደ። በሳምንቱ በቀን አራት ኩባያ ይጠጣ ነበር፤ በትንሽ በትንሹ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ልክ ሐኪሟ ፈሳሽ እንዲወስድ እንደነገረችው። ጾም ነው፣ ሆድ ያረጋል፣ ስብ የለበትም። አባቱም ሲታመም ይጠጣው ነበር። ዶብሪ በዚህ ነገር የሚጠይቀው ጥያቄ አልነበረውም።

ረቡዕ የቅዱስ ኒኮላስ ቀን ዋለ። የዚያ ቀን በጾሙ መሐል ዓሣ ይበላል። ስላቭካ ትልቅ ዓሣ በሩዝና በለውዝ ሞልታ ጋገረች። ቶንቾም መጣ፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የበዓል ቀን እነሱ ጋ ነው የሚውለው።

ዶብሪ በሹካ ጫፍ ቆንጥሮ እያኘከ ጀመረ። ሃያ ጊዜ ማኘክ አለበት። አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ቶንቾ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ከፍየሉ ጋር እንዴት እንደተጣላ ማውራት ጀመረ። ዶብሪ ሳቀ፤ ሲስቅ ዋጠው። ቀጥሎ ሁለተኛውንም ሳያኝክ ዋጠ። ዓሣው ደረቱ ላይ እንደ ሽብልቅ ተቀረቀረ። ላቡ መጣ። ተነስቶ ግቢ ወጣና የዶሮ ቤቱን ማገር ይዞ ቆመ። አፉ አረፋ ሞላ፤ ተፋው፤ እንደገና ሞላ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደዚያ ቆየ።

ሲመለስ ቶንቾ ሹካውን አስቀምጦ ነበር።

«የኔ ጥፋት ነው፣ ጋሽ ዶብሪ።»

«የፍየሉ ነው» አለ ዶብሪ። ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተቀመጠ። ዳግመኛ አልቀመሰም።

ከዚያ ቀን በኋላ ድንቹንም ፈራ። ሾርባውን አቅጥኖ፣ ማንኪያውን ቀንሶ፣ ኩባያውን አምስት አደረገ። ሳይበላ የሚጨምር ሰው የለም ብሎ ራሱን አሳመነ። ቀን በቀን ግን እግሩ ከበደው። ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ የካልሲው አፍ ቅልጥሙ ዙሪያ ጎድጓዳ ቀለበት ትቶ ይቀር ጀመር። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ዓይኖቹ ሥር ያበጠ ለስላሳ ነገር እጁ ላይ ይሰማዋል።

በሚቀጥለው ሰኞ ጫማው እምቢ አለ። በጎማ ቦቲ ሄደ።

ቶንቾ አነበበና ዝም አለ። ቶንቾ ዝም ሲል ዶብሪ አይቶ አያውቅም።

«በል እንጂ።»

«መቶ ሃያ ሁለት» አለ ቶንቾ ዝቅ ብሎ። ጠመኔውን አነሳ፣ በሩን አየ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። «ይሄ ሚዛን ብርድ ሲነካው ያብዳል። አልጽፈውም።»

«ጻፍ።»

«አልጽፍም አልኩ እኮ።»

ዶብሪ ጠመኔውን ከኪሱ አውጥቶ ራሱ ጻፈው። ከዚያ በቦቲው እየተጎተተ ወደ ቤቱ ሄደ። እስከ ጥር ሃያ አርባ ቀን ቀርቷል። ሰባት ኪሎ። ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ ያለ ሰው ሰባት ኪሎ ከየት ይቀንሳል? ቀዶ ሕክምናው ከመቶ ሰው አንዱ ላይ አይሠራም ሲባል ሰምቷል። ያ አንዱ እኔ ነኝ አለ በልቡ።

ስላቭካ ቦቲውን ልታወልቅለት ተንበረከከች። ሲወጣ ካልሲው አብሮ ወጣ። ቅልጥሙን አየች። አውራ ጣቷን አስቀምጣ ጫን አደረገችና አነሳች። ጣቷ የነበረበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ሁለቱም እያዩት ቀስ ብሎ ሞላ።

«ይሄ ስብ አይደለም» አለች ስላቭካ። «ስብ እንደዚህ አይሆንም። ሊጥ ነው የሚመስለው።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እናቴ ልቧ ደክሞ ስትሞት እግሯ እንደዚህ ነበር።» ተነስታ ስልኩን አነሳች።

«ለማን ልትደውዪ ነው?»

«ለቆረጠችህ።»

«ምን ልትያት? ሰነፈ በያት፣ ደብቆ በላ በያት! ሌላ ምን ታስባለች?»

«የፈለገችውን ታስብ፣ ዶብሪ። እኔ ባሌን እንጂ ስምህን አላገባሁም።»

ረቡዕ ቶንቾ በመኖ ማመላለሻው መኪና ፕሎቭዲቭ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል አደረሳቸው። ጨጓራውን የቆረጠችው ዶክተር ቨርባኖቫ አምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ለወሬ የማትቸኩል ሴት ነች። መጀመሪያ ምንም አልጠየቀችም። ልቡን አዳመጠች፤ ደረቱ ላይ ሽቦ አስለጥፋ የልብ ምቱን በወረቀት አስወጣች፤ ደምና ሽንት አስወሰደች። ውጤቱ እስኪመጣ ኮሪደር ላይ ሁለት ሰዓት ጠበቁ። ዶብሪ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጨጓራ ሥዕል እያየ ተቀመጠ። ከዚያ ጠሩት።

«ልብዎ ደህና ነው» አለች። «ኩላሊትዎም ደህና ነው። አሁን ከጠዋት ጀምረው የሚበሉትን ይንገሩኝ። እንዳይዋሹኝ፤ ደሙ እዚህ ተጽፏል።»

ዶብሪ ነገራት። አጃ፣ ባቄላ፣ ድንች። ቶሎ አለቀ።

«እንቁላል?»

«የለም።»

«እርጎ? አይብ? የሰጠሁዎት ዱቄት?»

ዶብሪ ስላቭካን አየ። ስላቭካ ቦርሳዋን አየች።

«ጾም ላይ ነኝ» አለ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የሚጠጡትስ?»

እዚህ ላይ ዶብሪ ቀና አለ። በዚህ አይታማም። «መጠጣቱን እንዳሉኝ አድርጌያለሁ። አንድም ቀን አላጎደልኩም። በቀን አራት አምስት ኩባያ፣ በትንሽ በትንሹ።»

«ውሃ?»

«የጎመን ውሃ። የራሳችን።»

«ከበርሜሉ?»

«ከበርሜሉ። በጣም ጥሩ ወጥቷል ዘንድሮ።»

«ጨዉን እንዴት ነው የምታደርጉት?»

«ለሊትር አርባ ግራም። አንዳንዱ ሠላሳ ያደርጋል፤ ያ በየካቲት ይላሽቃል። አርባ ከሆነ እስከ ፋሲካ ቀጥ ብሎ ይቆማል።»

«ስለዚህ ቀጥ ብለው ቆመዋል» አለች ዶክተር ቨርባኖቫ። «ጋሽ ዶብሪ፣ በቀን አርባ ግራም ጨው እየጠጡ ነው። ለሰው አምስት ይበቃዋል። ያ ጨው ውሃውን ይዞ አይለቅም። ምግብ ደግሞ ስለሌለ፣ ሥጋም ወተትም ስለሌለ፣ ደምዎ ሳስቷል። የሳሳ ደም ውሃውን ከሥሩ ውስጥ ማቆየት አይችልም፤ ወደ እግርዎ ያፈስሰዋል። እግርዎ ላይ ያለው ስብ አይደለም። ስብ በሁለት ሳምንት አምስት ኪሎ እንዲጨምር አሳማ ሙሉ መብላት ነበረብዎት።»

ስብ አይደለም የሚለው ቃል ብቻ ነበር ዶብሪ ጆሮ ውስጥ የቀረው።

«ታዲያ ቀዶ ሕክምናው አልከሸፈም?»

«ቀዶ ሕክምናው የኔ ነው፤ አልከሸፈም። እርስዎ ነዎት እየታገሉት ያሉት።»

«የጎመን ውሃ እኮ የታወቀ መድኃኒት ነው» አለ ዶብሪ፣ ደከም ባለ ድምፅ።

«እኔም ቤት በርሜል አለ» አለች። «ባሌም እንደ እርስዎ ይጠጣዋል። ባሌ ግን ጨጓራው ሙሉ ነው፤ ምሳውንም ይበላል።»

ከዚያ ያዘዘችውን በወረቀት ጻፈች። ከበርሜሉ አንድ ጠብታ እንዳይቀምስ። በቀን ሁለት እንቁላል፣ እርጎ፣ ዓሣ ወይም የተፈጨ ዶሮ፣ ዱቄቱ ጠዋትና ማታ። እግሩን ከፍ አድርጎ እንዲተኛ። በሳምንት ሁለት ቀን ለምርመራ ደም ይሰጣል።

«ከገና በኋላ እጀምራለሁ» አለ ዶብሪ።

«ዛሬ ነው የሚጀምሩት።»

«ተስያለሁ፣ ዶክተር። እዚሁ፣ እርስዎ ጋ ሲገፉኝ ነው የተሳልኩት።»

ስላቭካ ይህን ገና መስማቷ ነበር። ጾም መያዙን ብቻ እንጂ ስለቱን አልነገራትም። እጇን ክንዱ ላይ አኖረች።

ሐኪሟ አልሳቀችም። «ስለት መፍታት አላውቅም» አለች። «የማውቀውን ልንገርዎ። ደምዎ እንዲህ ሆኖ የጉልበት ሐኪሙ አይነካዎትም። መቶ ኪሎም ቢሆኑ አይነካዎትም። ቁስልዎ አይድንም። ጥር ሃያን ከፈለጉ መሄድ ወደሚገባዎት ሰው ዛሬውኑ ይሂዱ።»

በመንገድ ላይ ቶንቾ ሬድዮውን ዘግቶ ነዳ። ሲደርሱ ዶብሪ በቤቱ በር አልወረደም።

«ቄስ ጌናዲ ጋ አድርሰኝ» አለው።

ቄስ ጌናዲ ግቢው ውስጥ እጅጌውን ሰብስቦ የምድጃ ጭስ ማውጫ ይጠርግ ነበር። ጢሙ ላይ ጥላሸት ነበረበት። ዶብሪን አስገብቶ ወጥ ቤት አስቀመጠው። ዶብሪ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረው፤ በርሜሉንም፣ አርባ ግራሙንም። ቄሱ እጁን እየታጠበ ሰማ።

«በስልሳ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ለመጾም ተነሳህ» አለ። «እሱንም ሆስፒታል የሚያስገባ አድርገህ ጾምከው።»

«አባቴ፣ አይቀልዱብኝ።»

«አልቀልድም። የታመመ ሰው አይጾምም፣ ዶብሪ። ይህን ስላቭካ ታውቃለች፤ ቶንቾም ያውቃል። አንተ ለምን መጥተህ አልጠየቅኸኝም?»

ዶብሪ ወለሉን አየ። «ይፈቱኛል ብዬ ፈራሁ።»

ቄሱ ፎጣውን ሰቀለ።

«መፈታት የሚያስፈራህ ለምንድን ነው?»

«ሰውነቴ በሁሉ ነገር አሸንፎኛል። ዳቦው አሸነፈኝ። ጉልበቴ አሸነፈኝ። ጨጓራዬን እንኳ የቆረጠልኝ ሌላ ሰው ነው። አንድ ነገር በራሴ ልጨርስ ብዬ ነው።»

ቄስ ጌናዲ ወደ ጓዳው ዞሮ ሚስቱን ጠራ። «ሁለት እንቁላል ቀቅዪ» አላት።

«ለማን? ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?» አለች ከጓዳ።

«ለዶብሪ። ጨው የሌለው።»

እንቁላሉ መጣ። ቄሱ ላጠለት፤ በቢላዋ በትናንሽ ቆራረጠው፤ ሳህኑን ፊቱ አደረገ። ራሱ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም፤ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አለ። «ብላ። ስንት ጊዜ ነው ማኘክ ያለብህ?»

«ሃያ።»

«እኔ እቆጥራለሁ፤ አንተ አትናገር።»

ዶብሪ በቄስ ቤት፣ በጾም፣ በረቡዕ ቀን እንቁላል በላ። ቄሱ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ ቆጠረ። የቄሱ ሚስት በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር። ሩብ እንቁላል ሃያ ደቂቃ ፈጀ። በዕድሜው እንደዚያ ያፈረበት ምግብ አልነበረም። ሦስተኛውን ጉርሻ ከዋጠ በኋላ ግን ደረቱ ላይ የቆመ ነገር እንደሌለ አስተዋለ። አራተኛውን አነሳ።

አንዱን እንቁላል ሲጨርስ ሁለተኛውን ቄሱ በወረቀት ጠቀለለለት።

«ስለቱስ?» አለ ዶብሪ ሲነሳ።

«ሰው ፊት ተዋርዶ መብላት ካንተ ጾም ይከብዳል። እሱን ጨርስ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ቀርፋፋ ነበር። ስላቭካ የምድር ቤቱን ቁልፍ ወሰደች። የበርሜሉን ውሃ ራሷ እየቀዳች ትመልስ ጀመር፤ ሥራው የባል ነው ብሎ ሲቃወም «ባሌ ይቀምሰዋል» አለችው። ጎመኑን ስታበስል ሁለት ጊዜ በውሃ ታጥባለች፤ ለእሱም ሆነ ለራሷ። የወተት ዱቄቱ አቧራው ተጠረገ። ጠዋትና ማታ በጥብጣ ሰጠችው። ጣዕሙ የግድግዳ ኖራ ነበር። ጠጣው።

በአራተኛው ቀን ሽንቱ በዛ። አንድ ቀን ሙሉ ከመጸዳጃ ቤት ወንበር አልራቀም። ሰኞ መቶ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ቶንቾ ያለወትሮው አላሾፈም፤ ጽፎ ጠመኔውን አስቀመጠ።

«ሚዛኑ አበደ አላልክም?» አለው ዶብሪ።

«ድኗል። እንቁላል አበላሁት።»

መንደሩ ሁሉ ሰምቶ ነበር ማለት ነው። ዶብሪ ቆሞ ጠበቀ፤ ቁጣ ይመጣል ብሎ። አልመጣም።

ሁልጊዜ አልቀናውም። በገና ማግሥት ከቋሊማው አንድ ቀለበት ደብቆ በላ፤ ማታ ቅልጥሙ ላይ የካልሲው ቀለበት ተመለሰ። ለስላቭካ ሳትጠይቀው ነገራት። አንድ ሳምንት ሙሉ ኪሎው ንቅንቅ አላለም። ሌላ ቀን ዶሮው ደረቱ ላይ ቆሞ ወደ ግቢ አስወጣው። እንደዚያ ባለ ቀን ወደ ምድር ቤቱ በር ያያል፤ ቁልፉ ግን የለም። እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ጋደም ይልና ጣቱን ቅልጥሙ ላይ ይጫናል። ጉድጓዱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይቀንስ ነበር። አንድ ጠዋት ጨርሶ አልታየም።

ጥር ሃያ ቀን የጉልበት ሐኪሙ ፊት ሚዛን ላይ ወጣ።

«መቶ አሥራ አራት» አለች ነርሷ።

ስላቭካ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ዶብሪ ከሚዛኑ ሳይወርድ ሐኪሙን አየ። ሐኪሙ ገና ወረቀት እያነበበ ነበር። ረጅም ወጣት ነው፤ ዓይኑን ሳያነሳ እጁን ዘርግቶ የዶብሪን ቅልጥም ጫን አደረገ። ጣቱን አነሳ፤ አየ፤ ራሱን ነቀነቀ።

«እግርዎ ጥሩ ነው። ክብደትዎ ጥሩ ነው። ደምዎ ግን ገና ነው። ከታኅሣሥ በጣም ተሻሽሏል፤ ሆኖም እኔ የምፈልገው ቦታ አልደረሰም። ዛሬ ብቀድድዎት ቁስሉ ሊከፈት ይችላል።»

«መቶ አሥራ አምስት ነበር ያሉኝ።»

«ብዬ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ደምዎ የምጨነቅበት ነገር አልነበረም።»

ደሙ ለምን እንዳልደረሰ ከዶብሪ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሦስት ሳምንት በኩባያ ጠጥቶ ያሳሳው ደም ነው፤ በአምስት ሳምንት እንቁላል አልሞላም።

«ስለዚህ አለቀ?» አለች ስላቭካ።

ሐኪሙ መዝገቡን ገለጠ። «መጋቢት አሥራ ሰባት በመጨረሻው ሳምንቴ ላይ ይውላል። ጠዋት አንድ ቦታ አለኝ። ደምዎ ከደረሰ እሠራለሁ፤ ካልደረሰ ግን ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ነው። ልጻፍዎት?»

በመጋቢት ወይኑ ተገርዞ ያለቀ ነው። በዚያ ዓመት የዶብሪን ሐረግ የሚቆርጠው የሌላ ሰው እጅ ይሆናል።

«ይጻፉኝ» አለ ዶብሪ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ በዝግታ ሄዱ። ብርዱ ደረቅ ነበር። ስላቭካ ከቦርሳዋ ትንሽ ብልቃጥ እርጎና ማንኪያ አወጣች። ዶብሪ ሰው በሞላበት ማቆሚያ ቆሞ በላ፤ እያንዳንዱን ማንኪያ አፉ ውስጥ አቆይቶ። አንድ ልጅ የያዘች ሴት አየችው። እሱም አያት፤ መብላቱን ቀጠለ።

«ከፋህ?» አለችው ስላቭካ።

«አዎ።»

«እኔንም።»

አውቶቡሱ መጣ። ሦስት ደረጃ አለው፤ ከፍ ያለ። ስላቭካ ክንዱን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ እሱ ከዘራውን ሰጣት። የብረቱን መያዣ ጨብጦ ቀኙን እግር አወጣ፤ ግራውን አጠገቡ አመጣ። ሁለተኛው ላይ ቆሞ ተነፈሰ። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ጠበቀ፤ ብርዱ እየገባ። ዶብሪ ሦስተኛውን ወጣ።